የአራት ሰዓት ኪኒን

ጥር 26፣ ሰኞ

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ጄኔሬተሩ ሦስቴ አስነጠሰና ዝም አለ። የቡና ማሽኑ ቀዝቅዟል፣ ደንበኛ ቆሟል፣ እኔ ፈገግ እላለሁ... ምን ላድርግ? በጥር ብርድ ሮቤ ላይ "ትኩስ ነገር የለም" ማለት ሰው መስደብ ነው።

ቀኑ የተመቻቸው ጋሽ ገብሬ ብቻ ናቸው። ቡና የሚቆሉልን እሳቸው ናቸው፣ ሙሉ ስማቸው ገብረ መድኅን። ዓይናቸው አያይም። የቡናውን መድረስ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር "ዝም!" ይላሉ፣ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፣ ደንበኛው ጭምር። ዛሬ በከሰል እየቆሉ "መብራት ጠፋ እንዴ? እኔ እኮ አላየሁም" አሉ። መቶኛ ጊዜያቸው ነው። እኛም ለመቶኛ ጊዜ ሳቅን።

ባሬስታችን ዲማ አይሰማም። እኛ ቤት የመጣ ሰው በእጁ ነው የሚያዘው፣ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ተስሏል። ዲማ ለሁላችንም የእጅ ስም አውጥቶልናል። ጋሽ ገብሬን አፍንጫውን ይዞ ይጠራቸዋል። እኔን የእጅ አንጓውን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ። ሰዓት መሆኑ ነው። ያረፈደ ሰው ላይ ስለምጮህ መሰለኝ።

እትዬ እኅተማርያም ናቸው ካፌውን የከፈቱት። በክራንች ነው የሚሄዱት፣ ከልጅነታቸው። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ "ምጽዋት የሚሰጥ ሞልቷል፣ ሥራ የሚሰጥ ነው የጠፋው" አሉና ከፈቱ። ሰባት ሠራተኞች ነን። ስድስቱ አካል ጉዳተኞች። ሰባተኛዋ እኔ፣ ሰይዳ፣ አስተባባሪዋ። ጤነኛዋ።

ጤነኛዋ እንደ ወትሮዋ አራት ሰዓት ላይ ዕቃ ቤት ገባች። ከቡና ጆንያው ጀርባ ቆማ ኪኒኗን ዋጠች። ያለ ውኃ።

የሚጥል በሽታ። ይኸው፣ ጻፍኩት። ከወደቅኩ ዓመት ከአራት ወር፣ አልሐምዱሊላህ። ከእናቴና ከእህቴ ከኢፍቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲያውቅም አልፈልግም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ከእትዬ ጋር ጎባ ሄድን። ሁለተኛ ካፌ ሊከፍቱ ነው። ቤቱ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፣ ሰፊ በረንዳ አለው፣ ነፋሱ ግን... አቤት የጎባ ነፋስ! እትዬ ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ዞር ዞር ብለው አዩና "ይሄን ላንቺ ነው ያሰብኩት" አሉኝ።

"ለኔ?"

"ማን አለኝ ሌላ? ቁልፉን ላንቺ እሰጣለሁ። ምነው ዝም አልሽ?"

ደስ ብሎኝ ነው አልኳቸው። እውነትም ደስ ብሎኛል። ግን ልቤ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለ። ቁልፍ ይዤ ብቻዬን መክፈት፣ ብቻዬን መዝጋት... ብወድቅስ? ማን ፊት?

ለአዮ ነገርኳት። እናቴ እልል ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ ያለችው "መድኃኒቱን የት ታስቀምጪዋለሽ?" ነው። ከዚያ የተለመደውን አለች። "የቤት ነገር ቤት ይቅር፣ ልጄ። አንቺስ ይሁን፣ ኢፍቱን ማን ያገባታል? በዘራቸው አለ ይሏታል።" ሁልጊዜ ኢፍቱ። ኢፍቱ ራሷ ግን ማግባቱም አላማራትም፣ ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ትስቃለች።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ለጎባ ሰው ቀጠርን። ዘጠኝ መጡ፣ አምስት ወሰድን።

ሰባተኛ የገባችው ሀዋኒ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ። አገሯ ከተራራው ወዲያ አንገቱ የምትባል ከተማ ናት፣ ሮቤ አክስቷ ጋ ነው ያለችው። ጫካ ውስጥ ቡና ስትለቅም ያደገች። ጋሽ ገብሬ እፍኝ ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ ዘርግፈው "እስቲ ንገሪኝ" አሏት። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ለየችው። "ይሄ ነቀዝ የበላው። ይሄ ሳይበስል የተለቀመ። ይሄ ዝናብ የመታው።" ጋሽ ገብሬ አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱና እንደ ልጅ ሳቁ። እኔም ወደድኳት። ይሄን ልጻፈው፣ ወድጃታለሁ።

እትዬ ግራ እጇን አዩ። ሁለት ጣቷ ተቃጥሎ ተጣብቋል። "ጉዳትሽ ይሄ ነው?"

"እሱስ ምንም አይለኝ፣ እሠራበታለሁ" አለች። "የኔ ሌላ ነው። እወድቃለሁ። ምድጃ አጠገብ ወድቄ ነው እጄ እንዲህ የሆነው። ይጋባል ብለው የሚነካኝ ጠፋ።"

እንዲህ። ፊት ለፊት። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

እትዬ ደነገጡ። ወደኔ ዞሩ። "ሰይዳ፣ ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። የኪኒኑ ምሬት ገና ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

"የፈላ ውኃ ነው፣ እንፋሎት ነው" አልኩ። "ለራሷም ያሰጋል።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላ ሰው አይደለም። ቡና ትልቀም፣ ታስተናግድ ማለት አቅቶኝ ነው? ስለሷ አንድ ጥሩ ነገር ብናገር የሚታወቅብኝ መሰለኝ። ሀዋኒ ተነሳች፣ "ጋለቶማ" ብላ አመሰገነች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች። ጋሽ ገብሬ ሰፌዱን እንደያዙ ቀሩ። ቀኑን ሙሉ አልቀለዱም።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ሐኪሙ የሚለው እንቅልፍ እንዳታጪ ነው...

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ገበያ ወጣሁ። ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ደጅ ሴቶች ተደርድረው ቡና ይለቅማሉ። አንዷ ቀና አለች። እሷ።

ልሸሽ ነበር። "እህቴ! አካም ጂርታ?" ብላ በሰላምታ ቀደመችኝ። ተነስታ ጨበጠችኝ። "ያን ቀን በደንብ ሳላመሰግንሽ ወጣሁ። ሌላው ቦታ 'እንደውልልሻለን' እያሉ ነው የሚሸኙኝ። አንቺ እውነቱን ነገርሽኝ።"

ያ ረቢ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ ተመለስኩ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጋሽ ገብሬን ወደ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ ሰፈራችን አንድ ነው። ክንዴን ይዘው ባጃጅ ተራው ጋ ስንደርስ ግርግር። ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። መሀል ላይ አንዲት ልጅ መሬት ላይ ትንቀጠቀጣለች። ሻርፗ ወልቋል። ግራ እጇን አየሁ።

አንዱ "ሰይጣን ነው" ይላል፣ ሌላው "ጂኒ ነው"፣ ሁለቱም "እንዳትነኳት" ይላሉ። በዚህስ ሃይማኖቱ ሁሉ ተስማማ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያሸታታል።

ቆምኩ። እግሬ ተተከለ። የዚህን ክብሪት ሽታ አውቀዋለሁ። ከወደቅኩበት ስነቃ ሁልጊዜ የሚቀበለኝ እሱ ነው፣ ከዚያ ጫማዎች፣ ከዚያ ዓይኖች።

"ምንድነው?" አሉ ጋሽ ገብሬ።

"ሰው ወድቆ ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?"

ገባሁ። "ክብሪቱን ወዲያ በል!" ብዬ ጮህኩበት። በጎኗ አስተኛኋት። ሹራቤን አውልቄ ከራሷ ሥር አደረግኩ። ሻርፗን መለስኩላት። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው... መተንፈስ ጀመረች። ዓይኗን ልትገልጥ ስትል ተነስቼ ሄድኩ። ሹራቤን ጥዬ። እንዳታየኝ።

መንገድ ላይ ጋሽ ገብሬ "እንዴት አወቅሽበት?" አሉኝ።

"አዋሳ ኮሌጅ ሳለሁ አስተምረውን..."

"እህ። አራት ሰዓት ላይ ከጆንያዬ ጀርባ የሚንኮሻኮሸውስ? እሱንም ኮሌጅ ነው ያስተማሩሽ?"

ቀጥ አልኩ። ዓመት ሙሉ ሰምተዋል። የኪኒኑን ማሸጊያ ስቀደው፣ በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት።

"ለምን አልተናገሩም?"

"የኔ ገመና መሰለሽ? ያንቺ ነው። አንቺ ነሽ የምትናገሪው።" ትንሽ ሄድን። "ኮምባይነር ነጂ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። ዓይኔ መድከም ሲጀምር ደበቅኩ። ሁለት መኸር ስንዴ በግምት አጨድኩ። በሦስተኛው ኮምባይነሩን ይዤ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሐኪሙ ምን አለኝ? 'ቀድመህ ብትመጣ ግማሹ ይተርፍ ነበር።'"

በራቸው ጋ ስንደርስ ክንዴን ለቀቁና "በርዶሻል፣ ሹራብሽ የት አለ?" አሉ። ምኑ ነው የማያመልጣቸው እኚህ ሰውዬ!

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። እትዬም ሁዳዴ ይዘዋል። ግማሹ ደንበኛ ቀን አይቀምስም፣ ግማሹ ወተት አይነካም። ካፌው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባይኖር ተዘግቶ በዋለ።

የታመመ ሰው አይጾምም። ይሄን ለማወቅ ሼኽ አያስፈልገኝም። ግን ካልጾምኩ "ምነው?" ይላሉ። አንድ ሳምንት የወር አበባ ነው ይባላል። ከዚያስ? አዮም "ጹሚ፣ የጠዋቱን ኪኒን ሌሊት ሱሁር ላይ፣ የማታውን ማፍጠሪያ ላይ ታደርጊዋለሽ" አለች። አደረግኩት። ሁለታችንም ሐኪም ሆነናል።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ለሱሁር መነሳት እንቅልፌን ቆራረጠው። ጠዋት ስኒ ስደረድር እጄ ነጠቀኝ፣ አንዱ ወደቀ። ዲማ አየኝ። እኔ ስኒውን አየሁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ልጻፈው፣ አለዚያ ያፍነኛል።

ሱሁር አልፎኝ አደርኩ። ሳልበላ፣ ኪኒኑን ሳልወስድ ነጋ። ኢንሻአላህ ምንም አይሆንም ብዬ ሄድኩ። ቂል!

አምስት ሰዓት ላይ ተማሪዎች አራት ማኪያቶ አዘዙ። ዲማ ቡናውን ያወርዳል፣ እኔ ወተቱን በእንፋሎት አሞቃለሁ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። እሱ ነው ምልክቴ፣ ሁልጊዜ። ከዚያ... ከዚያ ምንም የለም። ቀጥሎ የማውቀው የወተቱ ጆክ እጄ ላይ የለም፣ ወለሉ ወተት በወተት ሆኗል፣ እንፋሎቱ ይጮሃል፣ ዲማ የእጁን አንጓ ይዞ ጎንበስ ብሏል። አልወደቅኩም። ቆሜ ነበር የጠፋሁት። ጥቂት ሴኮንድ ይሆናል። ጆኩ ወደኔ ሲያዘነብል ዲማ ሊይዝልኝ እጁን ከእንፋሎቱ ሥር አስገብቶ ነው የተቃጠለው።

እትዬ በክራንቻቸው እየዘለሉ መጡ። አንዷ ተማሪ "ልጁ ነጠቃት፣ ከዚያ ተደፋ" አለች። ያየችው እሱን ነው።

"ዲማ እንፋሎቱ መከፈቱን አልሰማም!" አሉ እትዬ። "የኔ ጥፋት ነው። የማይሰማ ሰው እሳት አጠገብ ማቆሜ። ሰይዳ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ" አልኩ።

ይሄን ብቻ። ደህና ነኝ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ዲማ ጤና ጣቢያ ሄዶ ታሽጎለት መጣ። እትዬ ከማሽኑ አነሱት። ዕቃ አጠባ። "ለራሱም ያሰጋል" አሉኝ። ቃል በቃል። ማን አስተማራቸው? እኔ!

በአንድ እጁ ስኒ ያጥባል። ምሳ ሰዓት ላይ የትእዛዝ ወረቀት ቀዶ ጻፈልኝ። "ምን ሆነሽ ነበር?"

"ጾም ነው፣ ደክሞኝ" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበው፣ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ለእትዬ ሄዶ መንገር ይችል ነበር። አልነገረም። የቡና ማሽኑን ከሩቅ ያየዋል... ሮቤ ላይ እንደሱ አረፋ የሚሠራ የለም እኮ። ማንም ያላመነውን ልጅ ነው እትዬ ሦስት ዓመት ማሽኑን አምነው የሰጡት።

ለምን አትናገሪም ሰይዳ? ጎባ ነው? ኢፍቱ ናት? ወይስ ዝም ብሎ ያ ክብሪት ነው?

የካቲት 30፣ እሑድ

ከቤት ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። አዮ "ምን ሆነሽ ነው እንደተፈታ ጥጃ?" አለችኝ። "ነገ ልናገር ነው" አልኳት። ኢፍቱ ከስልኳ ቀና ሳትል "ተናገሪ። ይሄን ብሎ የሚተወኝ ባል ገደል ይግባ" አለች። አዮ ነጠላ ጫማዋን ወረወረችባት። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ሳንከፍት፣ ሁሉም ባለበት። በአፌም በእጄም፣ ዲማም እንዲያውቀው። ለበሽታው ምልክቱን አላውቅም። መዳፌን አቁሜ በሌላው መዳፌ ላይ ጣልኩት። ኪኒኑን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። "ሐሙስ ዕለት ዲማ አይደለም። እኔ ነኝ። እኔን ሊያተርፍ ነው የተቃጠለው። እኔ እወድቃለሁ።"

ዲማ የእጁን አንጓ ሁለቴ መታ። ስሜን። ከዚያ ኪኒን ወደ አፍ የሚወረውር ሰው ሆኖ አሳየኝ። ለካ ስሜ ከዚያ ነው የመጣው! ሁልጊዜ አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አይቼ የምጠፋዋ። እኔ በማርፈድ ላይ ጨካኝ ነኝ ብዬ ስኮራበት።

እትዬ ግን... በንዴት ፊታቸው ቀላ። "ስንት ዓመት ከኔ ጋር በላሽ? እኔን አላመንሽም? ይሄን እግር ተሸክሜ የዞርኩትን?" ክራንቹን ወለሉ ላይ መቱ። "ያቺን ልጅስ? ጠየቅኩሽ እኮ! አንቺን አምኜ ነው የመለስኳት! ውጪልኝ!"

ቦርሳዬን አነሳሁ።

"እትዬ፣ እኔም አውቅ ነበር" አሉ ጋሽ ገብሬ። "ሰምቻለሁ፣ ዝም ብያለሁ። እሷን ካስወጡ እኔም እወጣለሁ። ግን በሩ ድረስ የምትመራኝ እሷ ናት፣ አንድ ላይ ልቀቁን።"

ማንም ሊስቅ አልፈለገም፣ ሁሉም ሳቀ። እትዬ አልሳቁም። ተቀመጡ። ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ወጥቼ እግሬን አይተው 'ደረጃ መውጣት ለራስሽም ያሰጋል' ብለው የመለሱኝ ቦታ ነበር። ያቺን ልጅ ስመልስ ትዝ ሊለኝ አይገባም ነበር?" አሉ።

የወሰኑት ይሄ ነው። ዲማ ወደ ማሽኑ። ከእንግዲህ ማንም ሰው እንፋሎት አጠገብ ብቻውን አይቆምም፣ የሚሰማም የማይሰማም፣ የሚወድቅም የማይወድቅም። ጎባን የሚይዘው ዲማ ነው። "አንቺን ዛሬ አላምንሽም" አሉኝ። "ልጅቷን ግን አንቺ ነሽ የመለስሻት፣ አንቺ አምጫት።"

ጎባ ሄደብኝ። ያማል፣ አልዋሽም። በረንዳውን በሐሳቤ አበባ ተክዬበት ነበር።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ጾሙን ተውኩ። አራት ሰዓት ላይ ባንኮኒው ላይ፣ በብርጭቆ ውኃ። ውኃ ሲኖረው ለካ አይመርም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

አንገቱ። ሀዋኒ ወደ አገሯ ተመልሳ ኖሯል። የሳነቴን ተራራ በጉም አቋርጠን፣ በሪራ መንደር በኩል ወርደን፣ ጫካው ውስጥ ሙቀቱ ተቀበለን። የስድስት ሰዓት መንገድ ሙሉ ምን እንደምላት ሳዘጋጅ ሄጄ፣ ሳያት ሁሉም ጠፋኝ።

የማድረቂያ አልጋ ላይ የተዘረጋ ቡና ታገላብጥ ነበር። አልተነሳችም። ሁሉንም ነገርኳት።

"ያን ቀን እየዋጥሽ ነበር?"

"አዎ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብዬ።"

"እውነቱን ነገረችኝ ብዬ እኮ ነው ያመሰገንኩሽ!" ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ። "እኔ ስወድቅ ያላየ ሰው ከዚህ እስከ ሮቤ የለም። ማታ ተኝቼ አድራለሁ። አንቺስ ትተኛለሽ?"

"አልተኛም።"

ቡናዋን ማገላበጥ ቀጠለች። እኔም አጎንብሼ ነቀዝ የበላውን መልቀም ጀመርኩ። ሦስቱን ተሳሳትኩ፣ ከእጄ ቀምታ መለሰቻቸው። ይቅርታዬን ተቀበልኩ አላለችም፣ አልተቀበልኩምም አላለችም። ልነሳ ስል ቤት ገብታ ሹራቤን ይዛ ወጣች። ታጥቦ ታጥፏል። "የማን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር። የካፌዋ ልጅ አሉኝ፣ አላመንኩም።"

እጄን ዘረጋሁ። ወደ ደረቷ ሳበችው።

"ሮቤ ይበርዳል" አለች። "ይሄንን አልመልስልሽም።"

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ ሙባረክ። ካፌያችን ሥራ ከጀመረች ሳምንት የሆናት ሀዋኒ ከአክስቷ ጋር ቤታችን መጣች። አዮ የተቃጠለውን እጇን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወጥ ጨመረችላት፣ ጨመረችላት፣ ልጅቷ ልትፈነዳ ደረሰች።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ዛሬ ወደቅኩ።

ካፌው ሙሉ ነበር፣ ከጁምዓ መልስ። የጎባው እስኪከፈት ዲማ እዚሁ ነው፣ አጠገቤ። ጎማው ሸተተኝ፣ ዲማን ክንዱን ያዝኩት፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ነው። ዲማ በአንድ እጁ እንፋሎቱን ዘጋ፣ በሌላው ይዞኝ ወረደ። ሀዋኒ ከቡናዋ ተነስታ በጎኔ አስተኛችኝ። ሰው መንጫጫት ሲጀምር ጋሽ ገብሬ ከመቁያው ሆነው "ዝም!" አሉ። ደንበኛው ለምዶት የለ? ጸጥ አለ። አንድ ሰውዬ ክብሪት አወጣ። ዲማ ከእጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

እኔ የማስታውሰው ስነቃ ነው። ክብሪት ክብሪት የሚል ሽታ ጠበቅኩ። የሸተተኝ ቡና ነው። የጋሽ ገብሬ ቡና ይንጣጣል። ከራሴ ሥር ሹራቤ አለ፣ የሀዋኒ ሹራብ ማለቴ። የሸሸ ሰው የለም። እትዬ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ክራንቻቸው እዚያ ማዶ ወድቋል። እንዴት ወረዱ? ማን ሊያነሳቸው ነው?

አለቀስኩ። ከሐፍረት አልነበረም። ዓመት ከሰባት ወር የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር? ሰውነቴ ዝሏል፣ ምላሴን ነክሼዋለሁ፣ ራሴን ያመኛል። ግን አለሁ።

ሀዋኒ "ዕቃ ቤት ልውሰድሽ፣ ጆንያው ላይ ጋደም በይ" አለችኝ።

"አይሆንም" አልኳት። "እዚሁ።"

መስኮቱ ጋ አስቀመጡኝ። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ፣ አንዴ እኔን አንዴ ማሽኑን ያያሉ። እንግዲህ መጣ አልኩ በሆዴ። ጸበል ሊሉኝ ነው፣ ሼኽ ሊሉኝ ነው።

"ተሻለሽ፣ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አባባ።"

"እሰይ" አሉ። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው፣ "ያዘዝኩት ማኪያቶ ግን... አልመጣም፣ ጠቆር ያለ ነበር" አሉኝ።

ለዲማ በእጄ ነገርኩት። ሠራላቸው።